የቻይና ብሩሽ ጽሕፈትና ሥዕል በጎልማሳነት ዕድሜ፦ ከየትኛው ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ዘግይቶ ጀማሪ»

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 46 ዓመት ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝ። ከሰባት ወር በፊት በአንድ ሙዚየም ውስጥ በጥቁር ቀለምና በውሃ ብቻ የተሣለ የቀርከሃ ሥዕል አየሁ፤ ከፊቱ ቆሜ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ይህን ጥበብ ለመማር ቆርጬ ተነሣሁ። ከዚያ በፊት ብሩሽ የያዝኩት በልጅነቴ፣ በትምህርት ቤት ብቻ ነበር።

በመጀመሪያ ስድስት ሳምንት በሚፈጅ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። አስተማሪው ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ተማሪው በተሳሳተ ቁጥር ብሩሹን ከእጁ ተቀብሎ ሥዕሉን ራሱ ይጨርሰው ነበር። ስለዚህ ወደ ቤቴ ይዤ የገባኋቸው አምስት ሥዕሎች ለዐይን የሚያምሩ ቢሆኑም፣ በእያንዳንዳቸው ላይ የእኔ እጅ ያረፈበት ቅጠል ከሁለት አይበልጥም። ብቻዬን ስቀመጥ አንድ የቀርከሃ ግንድ እንኳ ቀጥ ብሎ አይቆምልኝም፤ ይህም ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘነኝ ነገር ነው።

አሁን ብቻዬን መለማመድ ቀጥያለሁ፤ ሦስት ነገሮች ግን ግራ አጋብተውኛል። አንደኛው፣ ብሩሹ ወረቀቱን እንደነካ ቀለሙ እየሰፋ ቅጠሉን ወደ ጥቁር እድፍ ይለውጥብኛል። ሁለተኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፤ አንዳንዶች ጽሕፈቱ ሳይቀድም ሥዕሉ አይሆንም ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሁለቱ የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው ይላሉ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፦ የቻይንኛ ቋንቋ የማላውቅ ሰው ፊደሎቻቸውን እየቀዳሁ ብውል፣ ትርጉሙን የማያውቀውን ነገር እንደሚደግም ሰው አልሆንምን? ዕድሜዬስ? እጄ ከእንግዲህ የሚፈታ ይመስላችኋልን? ልምድ ያላችሁ ሁሉ እንድታግዙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ምላሽ 1፦ «ቀለም ፈጪ»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ የጀመርኩት በ51 ዓመቴ ሲሆን አሁን አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ስለዚህ የዕድሜውን ጥያቄ ላስቀድም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጉልበትም ሆነ ቅልጥፍና በ46 ዓመት ሰው እጅ ላይ ሙሉ ነው። ጎልማሳን የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የሠራውን ተመልሶ የማረም ልማዱ ነው። ደብዳቤ ስንጽፍ እንሰርዛለን፣ በኮምፒውተር ስንጽፍ እናጠፋለን፣ በእርሳስ ስንሥል በላጲስ እናስለቅቃለን። በቻይና ወረቀት ላይ ግን አንዴ ያረፈ ጭረት አይታረምም። ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ክሮች ስለሚሰርግ፣ በላዩ የተደገመው ብሩሽ ሥራው ከደረቀ በኋላ እንደ ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጆች ይህ ልማድ ገና ስላልገባባቸው የተጣመመውን ጭረት ትተው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፤ እኛ ግን ተመልሰን እንነካካዋለን። የአስተማሪዎም ስሕተት ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል፤ የተማሪውን ጭረት እንደ ተበላሸ ነገር ቆጥሮ ማስተካከል ፈለገ እንጂ፣ ተማሪው ያንኑ ጭረት መቶ ጊዜ በአዲስ ወረቀት ላይ እንዲደግመው አላደረገም።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ የእኔ ምክር ከጽሕፈቱ እንዲጀምሩ ነው። የቻይና ጽሕፈት አምስት ዋና ዋና ስልቶች አሉት፦ በማኅተም ላይ የሚታየው ጥንታዊው ዡዋንሹ፣ ጠፍጠፍ ያለው ሊሹ፣ እያንዳንዱ ጭረት ተለይቶ የሚቆምበት ካይሹ፣ ጭረቶቹ መያያዝ የሚጀምሩበት ሺንግሹ እና በፍጥነት የሚፈስሰው ጻኦሹ። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ካይሹን ይይዛል፤ ምክንያቱም በካይሹ ብሩሹ የት እንዳረፈ፣ የት እንደታጠፈ፣ የት እንደተነሣ ሁሉ ተገልጦ ይታያል፤ የሚሸሸግበት ቦታ የለም።

እኔ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጻፍኩት በአብዛኛው አግድም ጭረትን ነበር። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ተራ መስመር ነው፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ብዙ ነገር አለው። ጭረቱ የሚሄደው ወደ ቀኝ ቢሆንም፣ ብሩሹ ሲያርፍ ጫፉ በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ግራ ይገፋል። ከዚያ ጫን ይባልና ይታጠፋል፤ ወደ ቀኝም ይጓዛል፤ መሐሉ ላይ ቀለል ይላል፤ መጨረሻው ላይ ቆም ብሎ ጫን ካለ በኋላ በመጣበት በኩል ትንሽ መለስ ብሎ ከወረቀቱ ይነሣል። በዚህ አኳኋን ብሩሹ የገባበትና የወጣበት ሹል ምልክት በጭረቱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቀር፣ ቻይናውያን «የተሸሸገ ጫፍ» ይሉታል። በጉዞው ወቅት ደግሞ የብሩሹ ጫፍ ወደ ዳር ሳይሸሽ በጭረቱ መሐል ለመሐል መሄድ አለበት፤ ይህ ዞንግፌንግ ይባላል። ጫፉ መሐሉን ከያዘ ቀለሙ በሁለቱም ወገን እኩል ይወርዳል፤ ጭረቱም ቀጭን ቢሆን እንኳ ሥጋና አጥንት ያለው ይመስላል። ጫፉ ወደ አንድ ዳር ካጋደለ ግን አንደኛው ጠርዝ ለስላሳ፣ ሌላኛው ሻካራ ይሆናል። ቀርከሃዎ ቀጥ ብሎ ያልቆመው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ ከግንዶችዎ አንዱን አንሥተው ሁለቱን ጠርዞች ያስተያዩ።

አያያዙንም መመርመር ይገባል። ብሩሹ እንደ እስክርቢቶ ወደ ትከሻ ተጋድሞ አይያዝም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አውራ ጣት ከውስጥ፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ከውጭ ይይዙታል፤ የቀለበት ጣት ከወዲህ በኩል ይደግፈዋል፤ ትንሿ ጣት የቀለበቷን ጣት ተጠግታ ታግዛለች። መዳፍዎ ውስጥ አንድ እንቁላል ሊቀመጥ የሚችል ያህል ባዶ ቦታ ይኑር። ትንንሽ ፊደል ሲጽፉ የእጅ አንጓዎን ጠረጴዛው ላይ ማሳረፍ ይችላሉ፤ ለትልልቅ ፊደል ግን ክርንዎ ሳይቀር ከጠረጴዛው መነሣት አለበት። ትከሻዎ በመጀመሪያው ሳምንት ሊደክም ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ይህ የሚጠበቅ ነው።

ለአርአያነት የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የብሩሽ ጸሐፊ የሆነውን ያን ዠንቺንግን እመርጥልዎታለሁ። እ.ኤ.አ. በ752 የጻፈው የዱዎባኦ ፓጎዳ የድንጋይ ጽሑፍ ዛሬም በሺያን የሐውልቶች ደን ሙዚየም ይገኛል። ከዚያ ድንጋይ የተነሡ ቅጂዎች ለጀማሪዎች በብዛት ይታተማሉ፤ ጭረቶቹ ወፍራምና ግልጽ ናቸው። የሌሎቹ የታንግ ዘመን ጸሐፊዎች፣ የኦውያንግ ሹን ወይም የሊዩ ጎንግቹዋን አጻጻፍ ይበልጥ የሚማርክዎ ከሆነ እነርሱን ይያዙ፤ ነገር ግን አንዱን ከመረጡ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት አይለውጡ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ በእነዚህ ቅጂዎች ላይ ነጭ ሆነው የሚታዩት ፊደሎች በድንጋይ ጠራቢ መሮ የተቀረጹ ናቸው። አንዳንድ ማእዘኖች ሹል የሆኑት በመሮው እንጂ በብሩሹ አይደለም። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ክረምት ብሩሼን እንደ ቢላ ለማሳል ስታገል አሳለፍኩ፤ እርስዎ በዚህ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

ምላሽ 2፦ «የወረቀት ወዳጅ»

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ቀለም ሰፋብኝ ያሉት ከእጅዎ ይልቅ የዕቃው ጉዳይ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው «የሩዝ ወረቀት» የሚለው ወረቀት ከሩዝ ፍሬ የተሠራ አይደለም። ትክክለኛው ስሙ ሹዋን ወረቀት ሲሆን፣ በአንሁዊ ክፍለ ሀገር በጂንግ አውራጃ ቺንግታን ከተባለ ዛፍ ልጥና ከሩዝ ገለባ ይሠራል፤ የአሠራሩ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ይህ ወረቀት ጥሬና የበሰለ ተብሎ ይከፈላል። ጥሬው ምንም ስላልተቀባ ውሃን ወዲያውኑ ይጠጣል፤ ለነጻ አሣሣልና ለትልልቅ ፊደል የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። የበሰለው በሙጫና በአሉም ውሃ የተነከረ ስለሆነ ቀለም ላዩ ላይ ይቆያል፤ በቀጭን መስመር ተከብቦ በጥንቃቄ ለሚቀባው፣ ጎንግቢ ለሚባለው ሥዕል ያገለግላል። በመካከላቸው ከፊል የበሰለ ወረቀትም አለ።

እርስዎ ምናልባት ጥሬ ወረቀት ላይ ብሩሽዎን በውሃ ሞልተው ነው የሚሠሩት። ሁለት ነገር ያድርጉ። ብሩሹን ከቀለም ካወጡ በኋላ በሣህኑ ጠርዝ ላይ አዟዙረው ይጥረጉት፤ ከዚያም የብሩሹን ሥር፣ ማለትም ጠጉሩ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ በጨርቅ ለአፍታ ነካ ያድርጉት። ትርፉ ውሃ የሚከማቸው እዚያ ነው፤ ጭረቱን ጀምረው መሐል ላይ ሲደርሱ በድንገት ወርዶ ወረቀቱን የሚያጥለቀልቀውም እርሱ ነው። ሁለተኛ፣ እጅዎ እስኪፈታ ድረስ ከጥሬው ሹዋን ይልቅ ማኦቢያን የሚባለውን ቢጫ የቀርከሃ ወረቀት ይጠቀሙ። ዋጋው ረከስ ያለ ነው፤ ቀለም ቢጠጣም እንደ ጥሬው አይቸኩልም። ከሥሩ ወፈር ያለ የሱፍ ጨርቅ ማንጠፍም ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ወረቀቱ ከጠረጴዛው ጋር ይጣበቃል።

በአንድ ሳጥን ታጭቆ የሚሸጠውን የስጦታ ዕቃ ገዝተው ከሆነ ብሩሾቹን ይተዉአቸው፤ ብዙዎቹ ጫፍ የላቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መካከለኛ ብሩሽ ይበቃዎታል፤ ከውስጥ ጠንካራ፣ ከውጭ የፍየል ጠጉር ያለበት ድብልቅ ብሩሽ ቢሆን ይሻላል። ሙሉ በሙሉ ከፍየል ጠጉር የተሠራው ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ለስላሳ ስለሆነም ሲጫኑት ተመልሶ አይቆምም። አዲስ ብሩሽ ጠጉሩ በሙጫ ደርቆ ስለሚመጣ፣ ከመጠቀም በፊት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሙጫው እስኪለቅ መንከር ይገባል። ሲጨርሱ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይጠቡት፤ ጠጉሩን በጣት ወደ ጫፍ ሰብስበው ቁልቁል ይስቀሉት። አቁመው ካስቀመጡት ውሃው ወደ ሥሩ ይወርድና ጠጉሩን የያዘውን ማጣበቂያ ያበሰብሰዋል።

ስለ ቀለሙም አንድ ቃል። የጠርሙስ ቀለም ለዕለት ልምምድ ምንም ነውር የለበትም። ለሥዕል ግን ደረቁን የቀለም ዘንግ በድንጋይ ላይ በጥቂት ውሃ መፍጨት ይመከራል፤ ቀለሙ ከጥላሸትና ከእንስሳ ሙጫ የተሠራ ስለሆነ ሲቀጥን የሚሰጠው ግራጫ ይጠራል። ከጥድ ጥላሸት የተሠራው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር ሲሰጥ፣ ከዘይት ጥላሸት የተሠራው ሞቅ ያለና የሚያብረቀርቅ ነው።

የሠሩት ሥዕል ሲደርቅ ቢጨማደድ አይደንግጡ። ሁሉም ይጨማደዳል፤ ከጀርባው ሌላ ወረቀት በስታርች ሙጫ ሲለጠፍበት ነው የሚዘረጋው።

ምላሽ 3፦ «ኦርኪድ»

ከ«ቀለም ፈጪ» ጋር በብዙ ነገር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጽሕፈት ብቻ ይቅደም በሚለው አልስማማም። እኔ ራሴ እንዲያ ተመክሬ፣ አራት ወር ሙሉ አግድምና ቁልቁል ጭረት ስጽፍ ከቆየሁ በኋላ ብሩሼን አጥቤ በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ተመልሼ ያወጣሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የመለሰኝም ቀርከሃ ነበር። ወደ ጥበቡ ያመጣዎት ሥዕል ከሆነ፣ ሥዕሉን ራስዎን አይከልክሉት።

እንዲያውም ሁለቱ የተለያዩ አይደሉም። የዩዋን ዘመኑ ሠዓሊና ጸሐፊ ዣኦ መንግፉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1254 እስከ 1322 የኖረው፣ በአንድ የድንጋይና የዛፍ ሥዕሉ ላይ በጻፈው ግጥም ቀርከሃን የሚሠራ ሰው የጽሕፈትን ስምንት ስልቶች ማወቅ እንደሚገባው ይናገራል። በዚያ ግጥም ውስጥ ለቀርከሃ የተጠቀመበት ግሥ «መሣል» የሚለው አይደለም፤ «መጻፍ» የሚለው ነው። ስምንቱ ስልቶች የሚባሉት ደግሞ «ዮንግ» በሚለው፣ ትርጉሙ «ዘላለም» በሆነው ፊደል ውስጥ የሚገኙት የጭረት ዓይነቶች ናቸው፤ ነጥቡ፣ አግድሙ፣ ቁልቁሉ፣ መንጠቆው እያለ ይቀጥላል።

ይህን በእጅዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። የቀርከሃን ግንድ አንድ አንጓ ሲሠሩ የሚያደርጉት «ቀለም ፈጪ» ስለ አግድም ጭረት የገለጡትን ነው፤ ያርፋሉ፣ ጫን ይላሉ፣ ይጓዛሉ፣ ይቆማሉ፣ መለስ ይላሉ። የሚለየው አቅጣጫው ብቻ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ይገፋሉ። ከዚያ ጥቂት ነጭ ክፍተት ትተው የሚቀጥለውን አንጓ ይጀምራሉ። በክፍተቱ ላይ የሚያርፈው ትንሽ ጥቁር መገጣጠሚያ ጭረት ደግሞ «ልብ» የሚለውን ፊደል ወይም «ስምንት» የሚለውን የሚመስል ቅርጽ አለው። ቅጠሎቹም እንዲሁ ናቸው። ሠዓሊዎች ሦስት ቅጠል ሲደራጅ «ገ» የሚባለውን የቻይና ፊደል፣ አራት ሲሆን «ጂዬ» የሚባለውን ፊደል ቅርጽ ይይዛል ብለው ያስተምራሉ። ፊደሉን የጻፈ ሰው ቅጠሉን ያውቀዋል፤ ቅጠሉን የሠራ ሰውም ፊደሉን ሲያገኘው አዲስ አይሆንበትም።

ከቀርከሃ ጎን ለጎን ኦርኪድን ይሞክሩ። የመጀመሪያው ረጅም ቅጠል ከሥሩ ተነሥቶ ወደ አንድ ወገን ይለመጣል፤ ብሩሹ ሳይነሣ አንዴ ሲጫን ሰፋ፣ ሲለቀቅ ጠበብ ይላል፤ ቅጠሉ በአየር ላይ የዞረ ይመስላል። ሁለተኛው ቅጠል መጀመሪያውን ያቋርጠዋል፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ረዘም ያለ ክፍተት «የፊኒክስ ወፍ ዐይን» ይባላል። ሦስተኛው ቅጠል በዚያ ዐይን ውስጥ አልፎ ይሰብረዋል። ሦስት ጭረት ብቻ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሦስት ጭረቶች አሁንም፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ልቤን ያስደነግጡታል። ሁለተኛውን ለማሳረፍ ስዘጋጅ ትንፋሼን የያዝኩ መሆኔን የማውቀው ከጨረስኩ በኋላ ነው።

የቀለሙን ደረጃም ከሥዕል በተሻለ የሚያስተምር የለም። ብሩሽዎን በመጀመሪያ በፈዛዛ ቀለም ያርሱት፤ ከዚያ ጫፉን ብቻ በደማቁ ነክረው አንድ ቅጠል ያሳርፉ። ጥቁርና ግራጫ በአንዲት ምት ውስጥ ተዋሕደው ይወርዳሉ። ቻይናውያን «ቀለም አምስት ኅብር አለው» ሲሉ ስለዚህ ነው የሚናገሩት።

ስለ ዕድሜ የሚያስቡ ከሆነ ቻይናዊውን ሠዓሊ ቺ ባይሺን ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1957 የኖረ ሲሆን በወጣትነቱ አናጢና እንጨት ጠራቢ ነበር። ወደ ስድሳ ዓመት ሲቃረብ፣ ወደ ቤጂንግ ከተዛወረ በኋላ፣ ያን ሁሉ ዘመን የለመደውን አሣሣል ትቶ እንደገና ጀመረ። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው ሽሪምፖቹ የዚያ ኋለኛ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

ምላሽ 4፦ «የጂናን ተማሪ»

ስለ ቋንቋው ያነሡት ጥያቄ እኔንም ያስጨነቀኝ ስለነበር ልመልስ። በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር በጂናን ከተማ ለሦስት ዓመት በትምህርት ኖሬአለሁ። ጂናን በቻይና የመጀመሪያው የአረጋውያን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ጡረታ የወጡ ሰዎች በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የብሩሽ ጽሕፈትና ሥዕል ይማራሉ። ስለዚህ በስድሳ ዓመት ብሩሽ መያዝ በዚያ አገር የሚያስገርም ነገር አይደለም፤ የ46 ዓመት ሰው በመካከላቸው ወጣት ይባላል።

ማለዳ በመናፈሻዎች ውስጥ አረጋውያን በረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ እየነከሩ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ይጽፋሉ። አንድ አባት ዘወትር በአንድ ቦታ ላይ ሲጽፉ አያቸው ነበር። የመስመራቸው መጨረሻ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ፊደል በፀሐይ ደርቆ ጠፍቷል። ቆሜ ሳይ ዘንጉን ሰጡኝ። አግድም ጭረት ጻፍኩ፤ ተጣመመ፤ ላስተካክለው ስመለስ እጄን በቀስታ ያዙና ወደሚቀጥለው ንጣፍ አመለከቱኝ። ከ«ቀለም ፈጪ» ምክር ጋር ስለሚገጥም ነው ይህን ያነሣሁት። እቤትዎ ለመለማመድም በውሃ ሲጻፍበት የሚጠቁርና ሲደርቅ የሚጠፋ ጨርቅ አለ፤ ወረቀት ሳያባክኑ የጭረትን አካሄድ ለማጥናት ይጠቅማል፤ የቀለሙን ጠባይ ግን አያስተምርም።

ወደ ቋንቋው ልመለስ። ለመጻፍ ቻይንኛ መናገር አያስፈልግም፤ ሦስት ነገሮች ግን ሳያውቁ መቀጠል አይገባም። የጭረቱን ቅደም ተከተል ይወቁ፤ ብሩሹ ከአንዱ ጭረት ወደ ሌላው በአየር ላይ የሚሄድበት መንገድ በፊደሉ ሚዛን ውስጥ አለ፤ ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ሰው ያ መንገድ ይጠፋበታል። ትርጉሙንም ይወቁ፤ በሳምንት አምስት ፊደል ብቻ እየመረጡ ምን ማለት እንደሆኑና እንዴት እንደሚነበቡ ቢይዙ፣ በዓመት ውስጥ አጭር ግጥም ለማስተዋል የሚበቃ ሀብት ይኖርዎታል። ሦስተኛም፣ የጥንት አርአያዎች የተጻፉት በቀደመው ሙሉ የፊደል ቅርጽ ስለሆነ፣ ዛሬ በዋናው ቻይና ከሚታተመው አጠር ያለ ቅርጽ ጋር ሲያነጻጽሩ ልዩነት ቢያገኙ ግራ አይጋቡ። ጽሑፉም ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል።

መቅዳት ባዶ ድግግሞሽ ነው የሚለውን ሐሳብ ግን ይተዉት። በዚህ ጥበብ መቅዳት ራሱ ትምህርቱ ነው፤ በወረቀቱ ሥር አርአያውን አድርጎ መከተል አለ፣ ከጎን አስቀምጦ እያዩ መጻፍ አለ፣ ብሩሽ ሳይነኩ ተቀምጦ መመልከትም አለ። የጽሕፈት ሊቁ ዋንግ ሺዢ እ.ኤ.አ. በ353 የጻፈው ዝነኛው የኦርኪድ ድንኳን መቅድም እንኳ የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቶ፣ ዛሬ የሚታወቀው በቅጂዎቹ ነው፤ በጣም የተከበረው ቅጂ በቤጂንግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛል።

አንድ ተጨማሪ ነገር እንዲያዩ እለምንዎታለሁ። ያን ዠንቺንግ ለተገደለው የአጎቱ ልጅ ወንድ ልጅ እ.ኤ.አ. በ758 የጻፈው የሐዘን ረቂቅ በታይፔይ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም አለ፤ ምስሉን በኢንተርኔት ማግኘት ይቻላል። በሺያን ድንጋዮች ላይ ያንን የተስተካከለ ካይሹ የጻፈው ሰው ራሱ ነው። በዚህ ረቂቅ ላይ ግን ቃላት ተሰርዘዋል፤ ቀለሙ እያለቀ ጭረቱ ሻካራ ሆኗል፤ ወደ መጨረሻው መስመሮቹ እየተጣደፉ ይሄዳሉ። ቃሉን ሰርዞ ሌላ ጽፏል እንጂ የትኛውንም ጭረት አላስዋበም። ቻይንኛ በደንብ ከማንበቤ በፊት ነው ያየሁት፤ ሰውየው ሐዘን ላይ መሆኑ ግን ገብቶኝ ነበር።

«ዘግይቶ ጀማሪ»፦ ከአምስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የመከራችሁኝን ሁሉ ሞክሬአለሁ። ግንዶቼን እንደተባልኩት ጠርዝ ለጠርዝ አስተያየሁ፤ በእርግጥም የሁሉም ቀኝ ጠርዝ ሻካራ ነበር። ብሩሼን እንደ እስክርቢቶ አጋድሜ እይዝ ነበር። አሁን ማለዳ ማለዳ ግማሽ ሰዓት አግድም ጭረትና ከዱዎባኦ ጽሑፍ ሦስት ፊደል እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀርከሃና ኦርኪድ እሠራለሁ። ማኦቢያን ወረቀቱና የብሩሹን ሥር በጨርቅ መንካቱ እድፉን አስቀርተውልኛል።

ያንን የሐዘን ረቂቅም አየሁት። አንድ ማታ ሙሉ ከፊቱ አልተነሣሁም።

ያለፈው ቅዳሜ ከሠራኋቸው ሃያ ያህል ቅጠሎች መካከል አንዲቱ ጫፏ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ወጣ። እጄ ሊያስተካክላት ሲንቀሳቀስ አስቆምኩት። ሲደርቅ ሳየው ስንጥቁ ነፋስ የነካው ቅጠል አስመስሏታል። ሆኖም ይህ መሰንጠቅ በሌሎቹም ላይ እየተደጋገመ መጣ፤ ብሩሹን ባዞርኩ ቁጥር ጫፉ ለሁለት ይከፈላል። ብሩሹ የተገዛው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። ያለቀለት ነው ማለት ነውን?

«የወረቀት ወዳጅ»

አላለቀም። የጠርሙስ ቀለም የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ቀለሙ በብሩሹ ሥር ደርቆ ጠጉሮቹን ከፋፍሏቸዋል፤ ከላይ ሲታይ ንጹሕ ቢመስልም ሥሩን በጣት ሲጫኑት ጠጠር ያለ ነገር ይሰማዎታል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጠጉሩን ብቻ፣ ዘንጉን ሳይነካ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይንከሩት። ከዚያ በሚወርድ ውሃ ሥር ይዘው ሥሩን በሁለት ጣት ወደ ጫፉ አቅጣጫ እየጨመቁ ይጠቡት፤ ግራጫ ውሃ መውጣቱ እስኪያቆም ይደጋግሙት። የፈላ ውሃ ግን አይጠቀሙ፤ ጠጉሩን የያዘውን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። በሚቀጥለው ጊዜም ቀለም ውስጥ ከመንከርዎ በፊት ብሩሹን በንጹሕ ውሃ አርሰው በጨርቅ ያድርቁት፤ ሥሩ አስቀድሞ ውሃ ከያዘ ቀለሙ ወደዚያ አይወጣም።